ለባሕር ሰው ቤት ፍለጋ ወደ አዋሳ

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እስቲ አዋሳ እንዴት ናት?" ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ከመድከም አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ዘመዶቼ በተለይ፣ ውሃ ሲባል የምታውቁት ምንጭና የክረምት ጎርፍ ስለሆነ፣ ምን ፍለጋ እንደሄድኩ አስቀድሜ ካላስረዳኋችሁ ነገሩ አይገባችሁም።

ባለቤቴ ኒኮላ ግሪክ ነው። በጉርምስናው ከአባቱ ጋር ምጽዋ መጥቶ፣ ወደቡ ላይ ሞተሪስታ፣ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ፣ ሆኖ፣ እዚያው ፀጉሩ ሸበተ። እኔም ወንድሜ ባሕር ኃይል በነበረ ጊዜ ልጠይቀው ወርጄ፣ ኒኮላን አግብቼ ቀረሁ። ልጅ አልሰጠንም። ጦርነቱ ምጽዋ ሲገባ ቤታችንን ጥለን አዲስ አበባ ወጣን። ቀበሌው ሁለት ክፍል ቤት በስሜ ሰጠን፣ ተመስገን ነው፤ ግን ኒኮላ አዲስ አበባን አልቻላትም። ዳገቱ ልቡን ይይዘዋል። ሐኪሙም "ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ አገር ፈልጉ" አለን። ምጽዋ መመለስ አይታሰብም። የአሰብን ሙቀት ሐኪሙ ራሱ ከለከለ። ኒኮላ ደግሞ ውሃ ሳያይ ከዋለ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። በዚህ መሐል እህቱ ከግሪክ ስልክ እየደወለች "ና፣ ከባሕሩ ዳር ያለው የአባታችን ቤት ባዶውን ተቀምጧል" ትለዋለች።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እሱ በእኔ አገር ከአርባ ዓመት በላይ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ኖሯል። አዋሳን ካልወደዳት ተራው የእኔ ይሆናል። ሃምሳውን አልፌ፣ አንድ ቃል በማላውቅበት አገር፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጣት እየጠቆምኩ ልኖር ነው። እሱ "እንሂድ" ብሎኝ አያውቅም። እኔም "አልሄድም" ብዬ የልብ በሽተኛ ባሌን ብቻውን አልሰደውም። አዋሳ ታምርለት ዘንድ ለማርያም ጥላ ተስዬ ተነሣሁ።

ቤቱ የተገኘው በጎረቤታችን በአቶ ጴጥሮስ ነው። የወላይታ ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ አዛውሮት እኛ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሚስቱ ማርታና የአራት ዓመት ልጃቸው አዋሳ ቀርተዋል። አንድ ቀን "እትዬ ዘነበች፣ ለምን የቀበሌ ቤት አንለዋወጥም? የእኛ ቤት ሐይቁ ዳር ነው" አለኝ። ሁለቱም ቀበሌዎች ከተስማሙ እነሱ ወደ እኛ ቤት፣ እኛ ወደ እነሱ። ለኒኮላ "ሐይቁ ዳር" የሚለውን ብቻ ነገርኩት፤ በማግስቱ ባርኔጣውን መቦረሽ ጀመረ።

ሐሙስ

አውቶቡስ ተራ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነው። ኒኮላ የውጭ አገር ዜጋ ስለሆነ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ያንን ወረቀት ለማውጣት ምን ያህል እንደተመላለስን አልነግራችሁም፣ ደሜ ይፈላል። እሱ ግን ወረቀቱን እንደ ሎተሪ ቲኬት ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ ገና ሳይቀመጥ ሾፌሩን "ውሃው በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አባባ፣ ውሃው በሁለቱም በኩል ነው፤ ዝም ብለው ይቀመጡ" አለው ሾፌሩ።

እውነቱን ነው። በዚያ መንገድ ሐይቅ በሐይቅ ላይ ነው። ደብረ ዘይትን አልፈን፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ ቆቃ ስንደርስ ኒኮላ አንገቱን አወጣና "ይሄ ግድብ ነው፣ አይቆጠርም" አለ። ዝዋይ ለምሳ ወረድን። የተጠበሰ ቆሮሶ በሎሚና በሚጥሚጣ በላን። አሳው ትኩስ ነበር፣ ጣቴን ልልስ ምንም አልቀረኝ። ኒኮላ አጥንቱን እየለቀመ "አሳው ጥሩ ነው፤ ውሃው ግን ጭቃ ነው" አለ። ላንጋኖ ሲደርስ ደግሞ "ይሄማ ሻይ ነው!" ብሎ ሳቀ። እውነትም የሻይ መልክ አለው። እኔ በየመሐሉ "የአዋሳው ግን ኩልል ያለ ነው ይባላል" እላለሁ። ማን እንዳለ አትጠይቁኝ።

አርሲ ነገሌ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ግራር ሥር ተበታተነ። አጠገቤ የተቀመጠች የሻሸመኔ ነጋዴ፣ ሙስሊም ሴት ናት፣ ከዘንቢሏ የተቀቀለ ድንች አውጥታ በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። "ብይ እንጂ፣ መንገድ ላይ ምን ማፈር አለ" አለችኝ። ስንበላ ኒኮላን ባየው ኮቱን አውልቆ አውቶቡሱ ሥር ተንጋሏል! ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ስላዘዘው ጮህኩበት። "አላነሣሁም፣ እያሳየሁ ነው" አለኝ ከሥር። ሲወጣ ቅባት በቅባት ሆኖ ነበር። ከምጽዋ ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

አዋሳ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። መናኸሪያው አቧራ፣ ግርግርና የጋሪ ፈረስ ነው፤ በዚህ ከደብረ ብርሃን አይለይም። መሬቱ ግን ሜዳ ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንድም ዳገት የለም። ኒኮላ መሐል መንገድ ቆሞ ግራ ቀኝ አየና ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። እኔም አብሬው ተነፈስኩ።

ማርታ እዚያው ስትጠብቀን ውላለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይን ዓይንሽን የምታይ ሴት ናት። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እኛ ሆቴል ልንይዝ ነበር ሐሳባችን።

"ሆቴል? እኔ እያለሁ?" አለች ተቆጥታ። "ለቀበሌውም እንግዳ አለብኝ ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ሰዎቹ ሆቴል አደሩ ቢባል ጴጥሮስ ምን ይለኛል?"

ሻንጣችንን ነጥቃ ጋሪ ላይ ጫነችው።

ቤቷ ገብተን እጅ ከታጠብን በኋላ ኒኮላ ስጦታውን በክብር አወጣ። እኔ ስኳር ያዘ መስሎኝ ነበር። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ኡዞ፣ የግሪኮች አረቄ! ማርታ ጴንጤ ናት፤ ከእነ ዘር ማንዘሯ መጠጥ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አገላብጣ አየችውና "ጌታ ይባርክዎ፣ ሙሴ ኒኮላ" ብላ መድኃኒት የምታስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ፣ ከአልኮሉ አጠገብ አቆመችው። ኒኮላ "አየሽ፣ ደስ አላት" አለኝ በጆሮዬ።

ማታ በራፍ ላይ ተቀመጥን። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ሰው በጋቢ ተጀቡኖ እሳት ይሞቃል፤ ምጽዋ ደግሞ ወበቁ አላስተኛ ብሎን አልጋ ወደ ደጅ እናወጣ ነበር። አዋሳ ሁለቱንም አይደለችም። በነጠላ ብቻ ተቀምጬ አልበረደኝም፣ አላላበኝም። ስንተኛ ማርታ አልጋዋን ለቃ፣ አጎበር ዘርግታልን፣ እሷ ከልጇ ጋር መሬት ተኛች። ጠዋት ክንዷን ሳየው በቢንቢ ተበልቶ አባብጧል። ለካ ቤት ውስጥ ያለው አጎበር ያ ብቻ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ማርታ ወደ ሥራ ስትሄድ እኛ ጓሮውን አየን። አቮካዶና ፓፓያ አለ፤ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከሾላው ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል ያዩናል። ከሾላው ባሻገር ሐይቁ ነው። ኩልል ያለ ነው ያልኩት ውሸት አልሆነብኝም፤ ከዚያ ማዶ ያለው ተራራ ቁልጭ ብሎ ውሃው ውስጥ ይታያል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ዳኞች ዳር ዳሩን ቆመዋል።

ከዳር ራቅ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ፣ የእንጨት ቋሚዎች በመስመር ቆመዋል። ኒኮላ ገና ሲያያቸው ዓይኑ በራ። ምጽዋ እንዲህ ያለ ቋሚ ጀልባ ይታሰርበታል። ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል በእግርህ እየሄድክ ጀልባህ ጋ ትደርሳለህ። "ለካ እዚህም አለ!" አለ። በርጩማ አመጣ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ውሃው ዳር ተቀመጠ። እኔም የሐይቅ ጠባይ ምን አውቄ፤ ደስ ስላለው ደስ ብሎኝ ጎመን ልቀቅል ገባሁ።

እኩለ ቀን ላይ ማርታ ለምሳ ስትመጣ እዚያው ተቀምጧል።

"ሙሴ፣ ምን እየጠበቁ ነው?" አለችው።

"ውሃው እስኪጎድል። ዛሬ ዘገየ።"

ማርታ ወደ ቋሚዎቹ አየች፣ ወደ እሱ አየች። መሳቅ ፈልጋ ነበር፣ ግን አልሳቀችም።

"ይሄ ውሃ ለምሳ ሰዓት አይጎድልም፣ ሙሴ። ሐይቁ መውጫ የለውም። ክረምቱ ጥሩ ከሆነ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ያ እንጨት የእኛ አጥር ነበር። ከእሱ ወዲያ ደግሞ ሙዝ ነበረን።"

ኒኮላ የጠቀለለውን ሱሪ ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ። ምሳም ላይ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ በላ።

እኔ ማርታን ተከትዬ ማጀት ገባሁ። ተናድጄ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ። "ምነው ማርታ፣ ምን ነካሽ? ይሄን ዛሬ መናገር ነበረብሽ? ቤቱን ጠላብኝ እኮ!"

"ተለዋውጠን ከገቡ በኋላ ቢያዩት ይሻላል እንዴ፣ እማማ?"

"ባልሽ ጋ መሄድ አትፈልጊም?"

ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች። "ልጄ አባቷን የምታየው በበዓል ነው። ባለፈው ሲመጣ ሸሸችው። እንዴት አልፈልግም?" አለች። "ግን እርስዎን አታልዬ ሄጄ፣ እዚያ ቤትዎ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዴት እጸልያለሁ?"

ቢላዋውን አንሥቼ ሽንኩርቱን ጨረስኩላት፤ ሳለቅስም በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ከሰዓት በኋላ ኒኮላ ብቻውን ከተማውን ዞረ። ማታ ማርታ መጋረጃውን ዘጋችና ሁለት ጎረቤቶቿ መጡ። መዝሙራቸውን በሹክሹክታ ዘመሩ። በዚህ ዘመን ድምፅ አውጥቶ መዘመር እንደማያዋጣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ኒኮላም የራሱ ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ግን ድምፃችን እንዳያውካቸው ጥግ ይዘን ዝም አልን። ወላይትኛው አልገባኝም፤ ስማችንን ሲጠሩ ግን ሰማሁ። ስለ እኛ እየጸለዩ ነበር።

ቅዳሜ

ተስፋዬን ቆርጬ ነው የተነሣሁት። ኒኮላ ቁርስ ላይ ስለ እህቱ ቤት አወራ፤ መስኮቱ ሰማያዊ መሆኑን፣ ጓሮው የወይራ ዛፍ እንዳለው። እኔ "ደስ ይላል" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልጣመኝም።

ከቁርስ በኋላ ወደ አሳ አስጋሪዎቹ ወረድን። ቡሪሶ የሚባል ሲዳማ፣ ለአስጋሪዎቹ ማኅበር የሚሠራ ጎልማሳ፣ ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ መንጠቆ ያስራል። ኒኮላ ትንሽ ቆሞ አየና አላስችለው አለ። "እንዲህ አይደለም፣ በምጽዋ እንዲህ ነው" ብሎ ገመዱን ተቀበለው። ቡሪሶ በትሕትና ሰጠው። ኒኮላ አሰረ፣ ጥንካሬውን ሊያሳይ ሳብ አደረገ፣ ቋጠሮው ሾለከና መንጠቆው አውራ ጣቱ ውስጥ ተሰካ።

ደም ሳይ ጮኼ መሬት ቁጭ አልኩ። ቡሪሶ ኒኮላን ትቶ እኔን ደገፈኝ። ማርታን ጠርተው አመጧት፤ ቅዳሜ ስለሆነ ከሥራ ወጥታ ነበር። ጣቱን አየችና "ቡሹሎ እንሂድ፣ መርፌም ያስፈልገዋል" አለች። ግን መጀመሪያ ቤት ገብታ ያንን የኡዞ ጠርሙስ አመጣች። "አልኮሌ አልቋል" ብላ ከፈተችውና ጣቱ ላይ አፈሰሰችው። ኒኮላ የጮኸው ከሕመሙ ይልቅ ለኡዞው ይመስለኛል። በጋሪ ቡሹሎ ሄድን፣ መንጠቆውን አሳልፋ ጫፉን በፒንሳ ቆርጣ አወጣችው፣ መርፌውንም ወጋችው።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ኒኮላ ጣቱን ጠቅልሎ ሾላው ሥር እንደተቀመጠ መጀመሪያ ቡሪሶ ከነሚስቱ መጣ። ሁለት ትልልቅ አሳና፣ ቅቤ የጠጣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ቡሪሶ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

"የእኔ መንጠቆ ነው የጎዳህ። ይቅር በል፣ አባባ።"

"የእኔ ጉራ ነው የጎዳኝ፤ ተቀመጥ" አለው ኒኮላ።

ከዚያ እነዚያ ትናንት ማታ የዘመሩት ሁለቱ ሴቶች መጡ። ከዚያ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ጉራጌ ሽማግሌ ብስኩት ይዞ መጣ። ከዚያ ስሙን ያልያዝኩት የቀበሌ ሰው መጣ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አዲስ አበባ ያን ሁሉ ጊዜ ስንኖር፣ ኒኮላ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ እንኳ፣ ግቢው ውስጥ "ፈረንጁ ተሻለው?" ብሎ በአጥር በኩል ከመጠየቅ በቀር ደጃችንን የረገጠ አቶ ጴጥሮስ ብቻ ነው። እዚህ በማያውቁት ሰው አውራ ጣት ሰበብ በርጩማ አልበቃ አለ።

ወሬው ደራ። ሱቅ ያለው ሽማግሌ ከቡታጅራ በኩል ነው የመጣው፤ ሴቶቹ ከሶዶ፤ የቀበሌው ሰው ከጎንደር። "የአዋሳ ሰው ማነው ታዲያ?" ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ወደ ቡሪሶ አዩ። ቡሪሶ ፈገግ አለና "እኔ ነኝ። እነዚህ እንግዶቼ ናቸው። ብዙ ቆዩ" አለ። ሳቅ ሆነ። እኔ ቆጮውን ስበላ ቅቤው በአገጬ ወረደ፣ የቡሪሶ ሚስት በጣቷ ጠረገችልኝ። አማርኛ ብዙም አትችልም። ለአንድ ሰዓት ያህል ግን ስለ ወገብ ሕመም አውርተናል፤ እንዴት እንደተግባባን እንጃ።

ሰው ሲበታተን ኒኮላ ማርታን ጠራት። "ውሃው እስከዚህ ሾላ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሙሴ። አሥር ይሆናል። ቢፈጥን ስምንት።"

ራሱን ነቀነቀ። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ

ማርታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። ምን ወሰናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ልጇን አቅፋ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል ቆማ "ለጴጥሮስ ደህና ነን በሉልኝ" ብቻ አለችን። ልትሰናበተን የመጣችው የቡሪሶ ሚስት ደግሞ ጥሬ ቡና በጨርቅ ቋጥራ በጉያዬ አስገባችልኝ። በዚያ መንገድ ቡና ይዞ መውጣት ክልክል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እሷም ታውቃለች። ከአጠገቤ ያሉት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን የት የት እንደሸሸጉ ብነግራችሁ አያምርም።

ኬላው ላይ አወረዱን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ እንቅልፍ አለ። የእኔን ቋጠሮ ወዲያው አገኘው። ኒኮላ ቀደመኝና "የእኔ ነው" አለ። ፈታሹ አማርኛውን ሰምቶ ነቃ አለ።

"አባት፣ መኖሪያዎ የት ነው?"

"አዋሳ" አለ ኒኮላ።

ዞር ብዬ አየሁት። ፈታሹ የይለፍ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። "እዚህ ላይ አዲስ አበባ ነው የሚለው።"

"እሱ የድሮው ነው። ዕቃዬን ላመጣ እየሄድኩ ነው።"

"እንግዲያው የአዋሳ ሰው ከሆኑ እዚያው ይጠጡት እንጂ፤ ቡናውን ወዴት ይዘውት ይወጣሉ?" ብሎ ወረሰው። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብን። እኔ ስለ ቡናው ግድ አልነበረኝም።

ተመልሰን ስንቀመጥ እጁን ያዝኩት፤ ያልቆሰለውን። "ወደድከው እንዴ ሐይቁን?"

"አይ" አለ። "ጨው የለውም፣ ሽታ የለውም። የሳህን ሾርባ ነው።"

"ታዲያ?"

"ከመነሣታችን በፊት እህቴ ስትደውል አንድ ነገር ጠየቅኋት። 'ዘኑ እዚያ ቀኑን ከማን ጋር ታወራለች?' አልኳት። 'ትለምዳለች' አለችኝ።"

"እውነቷን ነው፣ እለምድ ይሆናል" አልኩ። ያንን ያልኩት ከአንገት በላይ ነው።

"ለአባቴም ስለ እኔ እንደዚያው ነበር ያሉት። 'ልጅ ነው፣ ይለምዳል።' ምጽዋ ላይ ከመርከብ ሞተር ጋር ብቻ እያወራሁ ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለሽ? የለመድኩት አንቺ ከመጣሽ በኋላ ነው። አንቺን እዚያ ማን ያለምድሻል?"

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር ብቸኛ ነበርኩ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። የእሱን ፊት ሳነብ ነው የከረምኩት፣ እሱ ለካ የእኔን ያነብ ኖሯል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ሞጆ እስክንደርስ አለቀስኩ። እሱ ትከሻውን አስጠግቶልኝ ተኛ።